ከጉና ሥር እስከ መተማ፦ ስለሚሄዱትና ስለሚመለሱት ልጆቻችን

(በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ለደቡብ ጎንደር የሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ያለንበት ወቅት ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት ሳምንታት በማኅሌት ቆመን የእመቤታችንንና የልጇን ስደት እናስባለን፤ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ሄሮድስን ሸሽታ፣ ድንበር ተሻግራ ወደ ግብፅ መውረዷን በዜማ እንተርካለን። በእነዚሁ ሳምንታት የሰሊጥ አጨዳ ይደርሳል። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ በወቅቱ ካልታጨደ ቆቡ ይፈነዳና ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ በመተማ፣ በቋራና በሑመራ ያሉ ባለ እርሻዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ጉልበት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ጉልበት ብዙው ከደጋው ይወርዳል፤ ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት፣ ከእብናት፣ ከሊቦ ከምከም። እኛ ስደቱን ስንዘምር፣ አምና ከአጠገባችን ቆሞ ከበሮ ይመታ የነበረው ልጅ ቆላ ወርዷል። ከቆላም አልፎ ሄዶ እንደ ሆነ አናውቅም።

ስለ ስደት በተጠሩ ብዙ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጫለሁ። አብዛኞቹ አካሄዳቸው አንድ ነው፤ ስደት ክፉ ነው ተብሎ ይጀመራል፣ ደላላው ይወገዛል፣ ወጣቱ በአገሩ ሠርቶ መለወጥ ይችላል ተብሎ ይፈጸማል፤ በማግሥቱ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ በሬውን ሸጦ ልጁን ይሸኛል። ያንን ልደግም አልመጣሁም። የምናገረው ልጆቻችን ከአጥቢያቸው በስውር መውጣታቸውን፣ የሁለትና የሦስት አገሮችን ድንበር ሲያልፉ ስማቸው እየተራገፈ መሄዱን፣ ያንንም ስም ሊጠብቅላቸው የሚችል ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የቀረበ ማንም አለመኖሩን ነው።

መንከራተትን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ራሱ የቆመው በተንከራተቱ ሰዎች ነው። ድጓ ሊያስመሰክር የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ ይመጣል፤ ሁለቱም እዚሁ በጋይንት ምድር ናቸው። ተማሪው ከሸዋም፣ ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከትግራይም በእግሩ ይመጣ ነበር፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በየደጁ በእመቤታችን ስም እየለመነ። እዚህ ከተቀመጣችሁት አባቶች መካከል ከወላጆቻችሁ ጠፍታችሁ የወጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እጅ አውጡ አልልም። ይሁን እንጂ ያ የጠፋ ልጅ ጉባኤ ቤት ሲደርስ የኔታ ይጠይቁታል፤ የማን ልጅ ነህ? የክርስትና ስምህ ማን ነው? ማን ዘንድ ነበርህ? ጎጆ ይሰጠዋል፤ ቢታመም የሚያስታምመው፣ ቢሞት የሚቀብረውና ለወላጆቹ መርዶ የሚልክ ጓደኛ ያገኛል። መንገዱ መራራ ነበር፤ ሥርዓት ግን ነበረው፤ ሲደርስ የሚቀበለው ሰው ነበር።

ይህች ከተማም ብትሆን በመጡ ሰዎች የተሠራች ናት። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት ራስ ጉግሳ መርሳ ትውልዳቸው ከየጁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሯቸው ባለሙያዎች ከአውሮፓ የመጡ ነበሩ። ከይፋግና ከደሪጣ የሚነሡ ነጋዴዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በጎንደር አድርገው መተማ ይወርዱ ነበር። በዚያው በመተማ በር ደርቡሾች መጥተው በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚያው ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። መተማ ለአባቶቻችን ገበያም ነበረች፣ የጦር ሜዳም ነበረች። እኛ ስለ ሱዳን ሰው ስንነጋገር የጦር ሜዳውን ብቻ የምናስታውስ ይመስለኛል፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ወጣቱ ለምን ይሄዳል ለሚለው መልሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። በክልላችን የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ 28 ዓመቱ ነው። አግብቷል፣ ልጅ ወልዷል፤ ነገር ግን ከአባቱ ካልወረሰ ወይም ካልተከራየ በቀር የሚያርሰው የለውም። አባቱ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አሉ፤ በማሳቸውም ላይ አምስት ልጆች ቆመዋል። በጉና ተዳፋት ላይ ያለን የገብስና የድንች መሬት ለአምስት ቢከፍሉት ለአንዱም አይሆን። በሰነፍነት ነው የሚሄዱት የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ ቢሠሩት እወድዳለሁ። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ ከደጋው ብዙ አባወራዎችን ወደ መተማና ወደ ቋራ አሰፈረ። ከዚያ ወዲህ ቆላው የዘመድ አገር ሆነ። አንድ ልጅ መጀመሪያ ፎገራ ወርዶ ሩዝ ያጭዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት አጎቱ ዘንድ መተማ ይደርሳል፤ ከመተማ ገዳሪፍ ለመሻገር አንድ ሌሊት ይበቃል፤ ከገዳሪፍ ካርቱም፣ ከካርቱም ሊቢያ። ሊቢያ እሄዳለሁ ብሎ ከቤቱ የወጣ ልጅ ጥቂት ነው። አብዛኛው ‹‹ሰሊጥ አጭጄ ለቁስቋም እመለሳለሁ›› ብሎ ነው የወጣው።

ሌላው መንገድ በምሥራቅ ነው። በወልድያና በአፋር አድርጎ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ ዓረቢያ። የመን ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ናት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ላይ በከባድ መሣሪያ ጭምር ተኩሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መግደላቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። ያም ሆኖ መንገዱ አልተዘጋም።

አሁን ስለ ጎረቤቶቻችን። በአፍሪካ ቀንድ አንዱ ቤት ሲቃጠል ሰው ወደሚቀጥለው ቤት ይሸሻል፤ በዚህ ዘመን ግን የሚቀጥለውም ቤት ይቃጠላል። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. በኋላ የሱዳን ጦር በአልፋሽቃ የእርሻ ምድር ላይ ገብቶ ሲሰፍር የእኛ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ያን ምድር ለቅቀው ወጡ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫን ይዞ ወደዚህች ከተማ ተቃርቦ እንደ ነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ ዕለቱ ቀዳም ሥዑር ነበር። እዚህ ካህናቱ ቄጤማ እያደሉ ትንሣኤውን ሲያበሥሩ፣ በካርቱም ያሉ ልጆቻችን የተኩስ ድምፅ እየሰሙ ቤት ዘግተው አደሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የመተማ መንገድ አቅጣጫውን ለወጠ። ሰው ይወርድበት የነበረው መንገድ ሰው የሚወጣበት ሆነ። ሱዳናውያን፣ ኤርትራውያን፣ የሌሎች ብዙ አገሮች ዜጎች፣ ከእነርሱም ጋር ለዓመታት በካርቱምና በገዳሪፍ ሻይ ሲሸጡ፣ በሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ የእኛ ሴቶች በአንድነት ተሰልፈው ድንበሩን ተሻገሩ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በክልላችን ግጭቱ በረታ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ከረመ። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣው ሰው እዚህም ሰላም አላገኘም።

እዚህ ላይ ሊባል የሚገባውን ልበል። በመተማ መንገድ ላይ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ የሱዳን ስደተኞች በታጠቁ ሰዎች ተዘርፈዋል፣ ተደብድበዋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከእነርሱ ብዙዎች ሕፃናት ይዘው፣ እዚህ አንኖርም ብለው መጠለያውን ለቅቀው ወጡ፤ በመንገድ ዳርና በጫካ ውስጥ ሰነበቱ። በዚያው ወራት እኛ በየአጥቢያችን የራሳችንን ልጆች በሱዳን ስለ ደረሰባቸው ግፍ እናለቅስ ነበር። የሁለቱን ነገር ዝምድና ለማየት ሊቅ መሆን አያሻም። ጌታችን በፍርድ ቀን ከሚጠይቀን አንዱ እንግዳ ሆኜ መጥቼ ተቀብላችሁኛልን የሚል መሆኑን ሁላችሁም ሰብካችሁበታል። ዘራፊዎቹን ልናዝዛቸው አንችልም፤ በስብከታችን ግን ‹‹የሱዳን ሰው›› የሚለው ቃል ሁልጊዜ ከደርቡሽ ጋር ተጣምሮ የሚወጣ ከሆነ የእኛም ድርሻ አለበት። ዳባት አጠገብ በአለምዋጭ መጠለያ ያሉት ኤርትራውያን ደግሞ ብዙዎቹ ከእኛው ጋር በአንድ እምነት፣ በአንድ ቅዳሴ የሚጸልዩ ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ድንበሩ ተከፍቶ ሰው በእልልታ ተገናኝቶ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ መልሶ ተዘጋ።

መንግሥታቱ ምንም አልተስማሙም ማለት አይደለም። ስለ ስደተኞች አፍሪካ ያላት ስምምነት የተፈረመው በጳጉሜን 1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። የአካባቢያችን መንግሥታት ማኅበር ኢጋድ የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ብሎ ያዘጋጀውን ሰነድ የአገሮቹ ሚኒስትሮች በ2012 ዓ.ም. ተቀብለውታል፤ ሰው በሕጋዊ ወረቀት ከአገር አገር ሄዶ ሠርቶ እንዲመለስ የሚፈቅድ ነው። የተቀበሉት በካርቱም ከተማ ነበር። ሦስት ዓመት ከጥቂት ቆይቶ ካርቱም ራሷ ነዋሪዎቿ የሚሸሿት ከተማ ሆነች። ሰነዱ መልካም ነው፤ ከአጥቢያችን እስኪደርስ ግን የሰሊጡ ጊዜ ስንት ጊዜ ያልፋል?

ወደ ስሙ ነገር ልመለስ፤ የመጣሁት ለእርሱ ነውና።

አንድ የጋሳይ ልጅ በደብረ ታቦር ገበያ ከየት ነህ ቢሉት ‹‹ከጋሳይ፣ ከእገሌ ቤት›› ይላል። ጎንደር ሲደርስ የጋይንት ሰው ይሆናል። መተማ ሲወርድ እዚያ ለቀን ሠራተኛ እንደሚሉት ‹‹ሳሉግ›› ነው፤ ስም የሚጠይቀው የለም፣ የሚቆጠረው የታጨደው ነው። ገዳሪፍ ‹‹ሐበሻ›› ይባላል። ወደ ሌላ የአገራችን ክፍል ቢሄድ ደግሞ መንገድ ላይ መታወቂያው ይታያል፤ በመታወቂያው ላይ የተጻፈው ብሔር ሊያሳልፈውም ሊያስቀረውም ይችላል። ከወለጋና ከመተከል ተፈናቅለው በደብረ ብርሃንና በሌሎች ቦታዎች የተጠለሉት ወገኖቻችን ድንበር ሳይሻገሩ የተሰደዱት በዚሁ ምክንያት ነው። በየኬላው ሰውየው እያነሰ፣ የሚጠራበት ነገር እየሰፋ ይሄዳል። በመጨረሻው ኬላ እናቱ በምትጠራው ስም የሚያውቀው ማንም የለም።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት እኅቶቻችን ነገር ከዚህም ይከፋል። ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሚካኤል ተብላ የተጠመቀች ልጅ በፓስፖርቷ ላይ በሌላ ሃይማኖት ስም እንድትጻፍ ደላላው ያግባባታል፤ ሥራ ቶሎ ይገኛል ተብሎ። አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ እንድታወልቅ ይነገራታል። ‹‹ማተብ በጠሰ›› በአማርኛችን ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ልጅቱ በጠሰች ወይስ አወለቀች? በልቧስ ምን ነበር? በሰው ቤት ተቆልፎባት በጾሙ ወራት ምን በላች? ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ ከእርሱም በታች የንስሐ አባቷ። እኔ የሰማሁት ግን ስለዚህ የሚነገረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር በር ላይ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ በሴቶችና በጎረምሶች መካከል መሆኑን ነው።

መጽሐፈ ቄድር ለማን ይጸለያል፣ ለማን ቀኖና ብቻ ይበቃል የሚለውን ለመወሰን አልመጣሁም፤ ይህ የሊቃውንትና የሀገረ ስብከቱ ነው፤ እያንዳንዱም ሰው ለብቻው የሚታይ ነው። የምለው የአስተዳደር ነገር ነው። ከሳዑዲ በኅዳር 2006 ዓ.ም. መባረር ሲጀመር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰዎች ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልተቋረጠም። ከእነርሱ በደጋው ካሉ አጥቢያዎች የተመለሱት ስንቶቹ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ? በአንድ አጥቢያ ያገኘኋቸው ቄስ ለዚህ የሰጡኝን መልስ አልረሳውም። ‹‹ከእኔ ዘንድ የመጣች የለችም፤ ወደ አዲስ አበባ ነው የምትሄደው፣ ከዚያ ማንም አያውቃትም›› አሉኝ። በሰው አገር ስሟን የደበቀች ልጅ ወደ አገሯ ተመልሳም የምትደበቅ ከሆነ፣ ስደቷ አላበቃም ማለት ነው።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ደግሞ፣ በዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ በሊቢያ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በእምነታቸው ምክንያት የተገደሉበት ምስል ወጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰማዕታት ብላቸዋለች። አንዳንድ ቤተሰብ የልጁን ሞት ያወቀው በቴሌቪዥን ፊቱን አይቶ ነው። ስማቸው ወዲያው የታወቀው የጥቂቶቹ ብቻ ነበር። እነዚያ ልጆች ማተባቸውን ጠበቁ፤ የትኛው አጥቢያ እንዳጠመቃቸው ግን ያን ዕለት ሊናገር የሚችል አልነበረም።

ከዚህ የሚከተለውን በየዓመቱ የምታዩት እናንተ ካህናቱ ናችሁ። አንድ ልጅ ከሄደ ዓመታት ያልፋሉ። ስልክ ይቋረጣል። ከዚያ አንድ ተመላሽ ‹‹በባሕሩ ላይ አንድ የእስቴ ልጅ አብሮን ነበር፣ ጀልባው ሲገለበጥ አላየሁትም›› ይላል። እናቱ ልቅሶ ትቀመጥ ወይስ ትጠብቅ? ካህኑ ፍትሐት ያድርስ ወይስ የጉዞ ጸሎት ይጸልይ? አብሮት የነበረው የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ብቻ ነው፤ ፍትሐት ደግሞ በክርስትና ስም ነው። ሞቷል ቢሉ በሕይወት ሊኖር ይችላል፣ አለ ቢሉ ተዝካሩ ይቀራል። ስለ ስደት በሚጻፉ ሪፖርቶች ውስጥ ይህ ሐዘን ዓምድ የለውም።

ስለ ሥጋም አንድ ነገር ልጨምር። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተነሣውን ካላዛር የምታስታውሱ አላችሁ። ደጋው ያንን በሽታ አያውቀውም ነበር፤ ከቆላ እርሻ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር እንደ መጣ ይታመናል። ሠራተኛው ሌሊት በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር በሚኖር አሸዋ ዝንብ ይነከሳል፤ ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ይወጥረዋል። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ከፍተው የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ ቢታከም ግን ይድናል። ከቆላ የተመለሰ ልጅ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ጠበሉን እየተጠመቀ ጤና ጣቢያም እንዲሄድ የምታዝዙት እናንተ ናችሁ። ጠበሉ ሐኪም አይከለክልም፤ ይህን ቃል ከካህን አፍ ሲሰሙት ይለያል።

እንግዲህ አጥቢያው ምን ይችላል? ሥራ መፍጠር እንችላለን ብዬ አላታልላችሁም፤ የምንችለው በጥቂቱ ነው። የሄደውን ማወቅ ግን እንችላለን።

አንድ ደብተር ይበቃል። የሚሄደው ሰው የክርስትና ስም፣ የሚጠራበት ስም፣ የእናቱና የአባቱ ስም፣ የንስሐ አባቱ፣ የወጣበት ወር፣ እሄዳለሁ ያለበት ቦታ፣ የአንድ ዘመድ ስልክ። ለሚሄደውም በአጥቢያው ማኅተም የክርስትና ስሙን የያዘች ትንሽ ወረቀት። ፓስፖርት አትሆንም፣ ድንበር አታሻግርም፤ ነገር ግን በሱዳንም ቢታመም፣ በአዲስ አበባ ከአውሮፕላን ቢወርድ፣ ይህ ሰው የማን ልጅ እንደ ሆነና ማንን መጥራት እንደሚገባ ትናገራለች። ወረቀቷን ለመቀበል ልጁ መምጣት አለበት፤ ለመምጣትም መሄዱን መናገር አለበት። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ከመጣ ልትመክሩት ትችላላችሁ፤ ካልሰማ ትባርኩታላችሁ። እየረገማችሁ ብትሸኙት ግን ሁለተኛ የሚመጣ አይኖርም፤ ሌሊት ነው የሚወጡት።

ስለ ደብተሩ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ዘመኑን ታውቁታላችሁ። የወጣቶች ስም ዝርዝር በዚህ ወቅት በማንም እጅ ሊገባ የማይገባው ነገር ነው። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ከጠቀስኩት ሌላ ምንም አይጻፍ። በዕቃ ቤት ከንዋያተ ቅድሳቱ ጋር ይቀመጥ፣ ቁልፉ በቄሰ ገበዙ እጅ ይሁን፤ መንግሥትም ይሁን ታጣቂ፣ እኛ የልማት ኮሚሽኑ ሰዎችም ብንሆን፣ ስጡን ብንል አትስጡ። እኛ ቁጥር ብቻ ይበቃናል። በአጥቢያችሁ ይህን መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ደብተሩን አትጀምሩት፤ የንስሐ አባቶች በልባቸው ይያዙት።

ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱት ሕጉን አንብቡላቸው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይባላል፤ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ተጓዡ 18 ዓመት የሞላው፣ ሥልጠና ወስዶ የብቃት ማረጋገጫ ያገኘ ይሁን፤ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው ይሁን፤ ውሉም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የጸደቀ ይሁን። የቪዛው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱና የመኖሪያ ፈቃዱ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባትና ለመሰል የግል ሰነዶች ነው። ስለዚህ ለቪዛና ለቲኬት ገንዘብ አምጡ የሚል ሰው ወደ አንድ አባወራ ቢመጣ፣ ያ አባወራ በሬውን ከመሸጡ በፊት እናንተን ቢጠይቅ መልሱ በእጃችሁ ነው። በጅቡቲና በየመን በኩል የሚወስድ ሕጋዊ ኤጀንሲ የለም። ስምሽን ለውጪ የሚልም እንዲሁ ሕጋዊ አይደለም፤ ሐሰተኛ ስም ያለበት ፓስፖርት የያዘች ልጅ በኋላ ብትበደል ማን ነኝ ብላ ትከሳለች?

ለተመላሾች ደግሞ እያንዳንዱ አጥቢያ አንድ ካህንና አንዲት በዕድሜ የጠኑ እናት ይምረጥ። እናቲቱ መጀመሪያ ቤቷ ሄደው ልጅቱን ይጎብኟት፤ ቡና አፍልተው፣ ምንም ሳይጠይቁ። ጥያቄው ሁሉ ለንስሐ አባቷ ብቻ ይቆይ። ከዚያ ያለፈው ችግር፣ ሕክምናም ሆነ የአእምሮ ሁከት ወይም ከተጓዘችበት ቦታ የቀረ ደመወዝ፣ ለሀገረ ስብከቱ ልማት ክፍል ይድረስ። ኮሚሽናችን የስደተኞችና የተመላሾችን ጉዳይ የሚከታተል ክፍል አለው፤ ሁሉን ይፈጽማል አልልም፤ የሚፈጽመው ግን ማን እንደ ተመለሰ ሲነገረው ብቻ ነው።

የሰሊጡ ሥራ በኅዳር መጀመሪያ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ተመላሾች ኅዳር 6 ቁስቋምን ለማክበር መድረስ ይጀምራሉ፤ መንገዱ ከተከፈተ። በዚያ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በየአጥቢያችሁ ከወረዱት ማን እንደ ተመለሰ፣ ማን እንዳልተመለሰ ወላጆችን በዝግታ ጠይቁ። ያልተመለሱትን በክርስትና ስማቸው ለዩ፤ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ እርሱ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።